በቻይና አገር የሚኖር የውጭ ሰው፤ እንግድነቱና ስፍራው

አንድ ሰው ከአገሩ ወጥቶ በሌላ አገር ሲቀመጥ፣ እርሱ የዚያን አገር ሕዝብ ጠባይ ከመመርመሩ በፊት ሕዝቡ እርሱን መርምሮ ስም ያወጣለታል። የተሰጠው ስም ምን ማለት እንደ ሆነ፣ ከስሙም ጋራ ምን ዐይነት ስፍራ እንደ ተሰጠው ለማወቅ ግን ብዙ ጊዜ ይፈጅበታል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው በቻይና አገር ለትምህርት ወይም ለሥራ የሚኖር የውጭ ሰው በየቀኑ የሚያጋጥመውን ነገር ነው፤ ይኸውም ምን ብለው እንደሚጠሩት፣ እንዴት እንደሚያስተናግዱት፣ በምን ደንብ እንደሚያኖሩትና መቼ ወደ ውስጥ እንደሚያስገቡት ነው። በዚያ አገር በተማሪነት በቈየንበት ጊዜ ያየነውን ሁሉ ከታወቁ ነገሮችና ከሊቃውንት ጽሑፍ ጋራ እያስተያየን አቅርበነዋል። ቻይና እጅግ ሰፊ አገር ስለ ሆነች የሰሜኑ ልማድ ለደቡቡ፣ የከተማው ልማድ ለገጠሩ እንደማይሠራ አንባቢ እንዲያስብልን እንለምናለን። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ነው።

በቻይና ኖረው የተመለሱ ሰዎች ስለዚያ አገር ሲያወሩ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ይናገራሉ። አንዳንዶቹ «እንደዚያ ያለ እንግዳ አክባሪ ሕዝብ አላየንም» ይላሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ «ዐሥር ዓመት ብንኖርም ባዳ ሆነን ቀረን» እያሉ ያዝናሉ። አንድ ሰው ራሱ በአንድ ቀን ሁለቱንም ሲል ሰምተናል። እኛ እንደ ተመለከትነው ግን እነዚህ ሁለት ነገሮች የሚቃረኑ አይደሉም፤ አክብሮቱ የሚመጣው ከዚያው ከባዳነቱ ነው።

ስለ «ዋይ»

በእኛ ቋንቋ «ዋይ» የሐዘን ድምፅ ነው። በቻይንኛ ግን «ዋይ» ማለት «ውጭ» ማለት ነው፤ በቻይና የሚኖር እንግዳ ከሁሉ ይበልጥ የሚሰማው ቃልም ይኸው ነው። የውጭ አገር ሰው በሥርዓት ሲጠራ «ዋይጕዎረን» ይባላል፤ «ዋይ» ውጭ፣ «ጕዎ» አገር፣ «ረን» ሰው ማለት ነው። በመንገድ ላይ ግን የሚጠራው «ላውዋይ» እየተባለ ነው። «ላው» ትርጓሜው «አሮጌ» ወይም «ሽማግሌ» ሲሆን፣ በቻይናዎች ዘንድ ሽምግልና የሚከበር ስለ ሆነ የአክብሮትና የቅርበት ምልክት ሆኖ በብዙ ስሞች ፊት ይገባል። አስተማሪ «ላውሺ»፣ የሱቅ ጌታ «ላውባን»፣ የወንዝ ልጅ «ላውሽያንግ» ይባላል። ስለዚህ «ላውዋይ» የሚለው ቃል በአመጣጡ ስድብ አይደለም፤ ስድብ ወይም ቍልምጫ የሚያደርገው የተናጋሪው ድምፅ ነው። በዚህ ነገር «ፈረንጅ» ከሚለው ቃላችን ጋራ በጣም ይመሳሰላል። በአንዲት ትንሽ የቻይና ከተማ ልጆች ጣታቸውን ቀስረው «ላውዋይ! ላውዋይ!» እያሉ ሲከተሉን ተቈጥተን ነበር፤ ኋላ ግን በአዲስ አበባ መንገዶች ልጆቻችን ኮሪያዊውንም ጃፓናዊውንም ሳይለዩ «ቻይና! ቻይና!» እያሉ መጣራታቸው ትዝ ሲለን ቍጣችን በረደ።

ዳሩ ግን በሁለቱ ቃሎች መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ከቻይና ወጥቶ በሌላ አገር የሚኖር ቻይናዊ የዚያን አገር ተወላጆች በገዛ አገራቸው ላይ «ላውዋይ» ብሎ ሲጠራ ይሰማል። እንግዳው እርሱ ሆኖ ሳለ ባለቤቶቹን «የውጭ ሰዎች» ማለቱ ያስቃል፤ ነገር ግን ቃሉን ያስረዳናል። «ዋይ» የሚያመለክተው የአገር ድንበርን ብቻ አይደለም፤ ተናጋሪው በመካከል ቆሞ ከእርሱ ክበብ ውጭ ያለውን ሁሉ የሚለይበት ቃል ነው።

ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ በቤተ ሰብ ውስጥ ያለው አጠራር ነው። የአባት እናት «ናይናይ» ስትባል የእናት እናት ግን «ዋይፖ» ትባላለች፤ ይህም ቃል በቃል «የውጭ አያት» ማለት ነው። የእናት አባትም «ዋይጎንግ» ነው። በሰሜን ሌላ አጠራር ቢኖርም ይህኛው በመላው አገር የታወቀ ነው። የዘር ሐረግ በአባት በኩል ስለሚቈጠር፣ በጕልበቷ ላይ አስቀምጣ ያሳደገችው አያት እንኳ በስሟ «ዋይ» አለባት። እንዲሁም ከሌላ ክፍለ ሀገር መጥቶ በቤጂንግ ወይም በሻንግሃይ የሚኖረው ቻይናዊ «ዋይዲረን»፣ ማለትም የውጭ ስፍራ ሰው ይባላል። ይህም ስም ብቻ አይደለም፤ ከ1958 ጀምሮ የቤተ ሰብ መዝገብ በሚያዝበት «ሁኮው» በሚባለው ሥርዓት ምክንያት፣ ከገጠር የመጣው ሠራተኛ በከተማው ለልጁ ትምህርት ቤት ለማግኘት ብዙ ይቸገራል። ስለዚህ የውጭ አገሩ ሰው ብቻውን በውጭ የቆመ አይደለም፤ ከብዙ ክበቦች በመጨረሻው ላይ የቆመ ነው።

ፈይ ሽያውቶንግ የተባለው የቻይና የኅብረተሰብ ሊቅ (በ1910 ተወልዶ በ2005 ሞተ፤ በለንደን ከማሊኖቭስኪ ዘንድ ተምሮ ነበር) በ1940ዎቹ መጨረሻ ስለ ቻይና ገጠር ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ነገር በጥሩ ምሳሌ ገልጾታል። የምዕራባውያን ማኅበር እንደ ታሰረ የጭድ ነዶ ነው ይላል፤ እያንዳንዱ ጭድ በየትኛው ነዶ ውስጥ እንዳለ ይታወቃል። የቻይናዎች ግንኙነት ግን ድንጋይ በኩሬ ላይ ሲጣል እንደሚታየው የውሃ ክበብ ነው፤ መካከሉ ሰውዬው ራሱ ነው፤ ክበቦቹ እየሰፉ በሄዱ ቍጥር እየሳሱ ይሄዳሉ። ሰውዬው ሀብታምና ባለ ሥልጣን ከሆነ ክበቡ ይሰፋል፤ ሲደኸይ ይጠብባል። «ቤተ ሰብ» የሚለው ቃል እንኳ አንዳንድ ጊዜ ሚስትን ብቻ፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ዘመድ አዝማዱን ሁሉ ይጠቀልላል። ይህን ምሳሌ ያልተረዳ እንግዳ በመጀመሪያው ሳምንት በተደረገለት ግብዣ ምክንያት ወደ ውስጥ የገባ ይመስለዋል።

ከዚህ ላይ ስለ አገሮች ስም አንድ ነገር ብንጨምር አይከፋም። ቻይናዎች የባዕድ ስም የሚጽፉት በድምፁ ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ፊደላቸው ትርጓሜ ስላለው ድምፁን ሲያመጡ ትርጓሜውም አብሮ ይመጣል። አሜሪካ «መይጕዎ» ናት፤ ፊደሉ «ውብ አገር» ይላል። እንግሊዝ «ይንግጕዎ» ነው፤ «የጀግና አገር» ይላል። አፍሪካ ግን «ፈይጆው» ናት፤ «ፈይ» የሚለው ፊደል ደግሞ «አይደለም» ማለት ነው። አፍሪካውያን ተማሪዎች ይህን በተማሩበት ቀን ሁሉ በክፍሉ ውስጥ ክርክር ይነሣል። አስተማሪዎቹ «ለድምፁ ብቻ ነው» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ቢሆንም ለድምፅ የሚሆኑ ፊደላት ብዙ ሲሆኑ ለአንዱ «ውብ»ን ለአንዱ «አይደለም»ን የመረጠው እጅ ምን አስቦ ነበር ብሎ መጠየቅ ለተማሪ የተከለከለ አይመስለንም።

ቍጥሩና ደንቡ

በቻይና የሕዝብ ቈጠራ ውስጥ የውጭ አገር ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ የገቡት በ2010 ሲሆን ቍጥራቸው 593,832 ሆኖ ተገኘ። በ2020 ቈጠራ 845,697 ደረሰ። የአገሪቱ ሕዝብ ግን በዚያው ዓመት ከ1,411,000,000 በላይ ስለ ነበረ፣ ከ10,000 ሰው መካከል የውጭ አገር ሰው 6 ያህል ብቻ ነው ማለት ነው። እነዚህም በብዛት የሚኖሩት በጥቂት ትላልቅ ከተሞችና በአንዳንድ የድንበር አገሮች ስለ ሆነ፣ የውጭ ሰውን ፊት ለፊት አይቶ የማያውቅ ቻይናዊ እጅግ ብዙ ነው። መንገደኛው ቆሞ ቢያየን፣ ፎቶግራፍ ቢያነሣን፣ አንዳንዴም ጠጕራችንን ሊዳስስ እጁን ቢዘረጋ፣ ይህን ሒሳብ አስቦ መታገሥ ይሻላል።

በ2012 ወጥቶ ከሐምሌ 1 ቀን 2013 ጀምሮ በሚሠራበት የመግቢያና የመውጫ ሕግ መሠረት፣ የውጭ አገር ሰው ከሆቴል ሌላ በማናቸውም ቤት ሲያድር በ24 ሰዓት ውስጥ በአካባቢው ፖሊስ ዘንድ መመዝገብ አለበት። ወዳጁ ቤት አንድ ሌሊት ቢያድርም ደንቡ ያው ነው። ዕድሜው 16 ዓመት የሞላው ሁሉ ፓስፖርቱን ወይም የመኖሪያ ፈቃዱን ይዞ መሄድ ይገባዋል። ሆቴሎች መዝጋቢውን መሣሪያ ወይም ልማዱን ስለማያውቁ የውጭ ሰውን «አንቀበልም» ይሉ ነበር፤ መንግሥቱ በ2024 ይህን የሚከለክል ማሳሰቢያ ቢሰጥም በትናንሽ ከተሞች እንግዳውን አስቀድሞ ደውሎ መጠየቅ አይጐዳውም።

እንግዳን ለብቻው ማኖር በዚያ አገር የቈየ ሥርዓት ነው። በ1954 በቤጂንግ የተሠራው «የወዳጅነት ሆቴል» ለሶቪየት ኅብረት አማካሪዎች መኖሪያ የታሰበ ነበር፤ ስሙ ወዳጅነት ይባል እንጂ በግንብ የታጠረ ነበር። ከ1980 እስከ 1994 ድረስ ደግሞ ለውጭ ሰዎች የተለየ የገንዘብ ወረቀት ይታተም ነበር፤ በዚያ ወረቀት ተራው ቻይናዊ የማያገኘውን ዕቃ በተለዩ መደብሮች መግዛት ይቻል ነበር። ዛሬ ወረቀቱ የለም። በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ግን የውጭ ተማሪዎች መኝታ ቤት አሁንም ብዙውን ጊዜ የተለየ ነው፤ የውጭ ተማሪ ብቻውን ወይም ከአንድ ጓደኛ ጋራ ሲያድር፣ ቻይናዊው ከአራት እስከ ስምንት ሆኖ በአንድ ክፍል ይተኛል። በ2018 በቻይና የተማሩት የውጭ ተማሪዎች 492,185 ሲሆኑ ከእነዚህ 81,562ቱ ከአፍሪካ የሄዱ ነበሩ። የአገሩ ተማሪዎች «ለእነርሱ ለምን ይህን ያህል?» ብለው ማጕረምረማቸው አልቀረም፤ በ2019 አንድ ዩኒቨርሲቲ ለእያንዳንዱ የውጭ ተማሪ ቻይናውያን አጋዦች መመደቡ በተሰማ ጊዜ የተነሣው ቍጣ ብዙ ሰሞን አነጋግሯል። እንግዳው ባልጠየቀው ምቾት ምክንያት የሚጠላበት ጊዜ አለ።

የስማችን ነገር ራሱን የቻለ ችግር ነው። ቻይናዊ በፊት የቤተ ሰቡን ስም፣ ከዚያ የራሱን ይጽፋል፤ እኛ ደግሞ የቤተ ሰብ ስም የለንም። ስለዚህ በባንክም በጣቢያም ቅጹን የሚሞላው ጸሓፊ የአባታችንን ወይም የአያታችንን ስም አንሥቶ የቤተ ሰብ ስም ያደርገዋል፤ አንዱ ወዳጃችን ዓመቱን ሙሉ በአያቱ ስም ሲጠራ ኖሮ «ቢያንስ ነፍሱ ትታወሳለች» ይል ነበር። ስሙ በአንዱ መዝገብ በአንድ ሥርዓት፣ በሌላው በሌላ ሥርዓት ከተጻፈ፣ በስልክ ገንዘብ መክፈልም የባቡር ቲኬት መቍረጥም ይቋረጣል፤ በዛሬይቱ ቻይና ደግሞ ጐመን የምትሸጠው ባልቴት እንኳ የምትቀበለው በስልክ ነው።

አጠራር፣ ጥያቄና ምስጋና

ቻይናዎች ባዳን በዝምድና ስም መጥራት ይወዳሉ። እኛ በመንገድ ያገኘነውን ሰው «ጋሼ»፣ «እትዬ»፣ «አባባ»፣ «እማማ» እንደምንለው ሁሉ እነርሱም የእናታቸው እኩያ የሆነችውን «አዪ» ይላሉ፤ የእናት እኅት ማለት ነው። የአባታቸውን እኩያ «ሹሹ»፣ ማለትም የአባት ታናሽ ወንድም፣ ጥቂት የሚበልጣቸውን «ዳገ»፣ ማለትም ታላቅ ወንድም ይሉታል። ሾፌሩና ባለ እጁ «ሺፉ» ናቸው። የእኛ ሰው ይህን ቶሎ ይለምደዋል፤ በስም ብቻ መጠራራት ከለመዱት ከአውሮጳውያን ይልቅ እኛ በዚህ ቤተኞች ነን። «በላህ ወይ?» ብለው ሰላምታ ሲሰጡም የሚጠይቁት ስለ ምሳችን አይደለም፤ «በልቻለሁ» ብሎ ማለፍ ነው።

ዕድሜህ ስንት ነው፣ አግብተሃል ወይ፣ ደመወዝህ ስንት ነው፣ ለዚህ ጫማ ስንት ከፈልህ የሚሉት ጥያቄዎች አውሮጳውያንን ያስቈጣሉ። እኛን ግን ከሦስተኛው በቀር ብዙም አላስደነቁንም። ጠያቂው የሚፈልገው ምስጢር ማወቅ ሳይሆን እንግዳውን በየትኛው ደረጃ ማስቀመጥና ምን ብሎ መጥራት እንደሚገባው ማወቅ ነው። የሚያሳዝነው ነገር ጥያቄው ሳይሆን ምስጋናው ነው። የውጭ ሰው «ኒ ሃው» ብሎ ሁለት ቃል ቢናገር «ቻይንኛህ እንዴት ያምራል!» ይባላል። ሥርዓቱም «ናሊ፣ ናሊ»፣ ማለትም «የት? የት?» ብሎ ምስጋናውን መግፋት ነው። አራት ዓመት ተምሮ ጋዜጣ የሚያነበውም፣ ትናንት ከአውሮፕላን የወረደውም፣ በዚያው ቃል ይመሰገናሉ። በአገራችን እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲቈይ ብረት ይሆናል ይባላል፤ በቻይና ግን ብዙ ዓመት የኖረው እንግዳ ወርቅ እንደ ሆነ መቅረቱ ይከብደዋል።

በማዕድ ላይ

የቻይናዎች ፍቅርም ሥርዓትም የሚታየው በማዕድ ላይ ነው። ማዕዱ ክብ ነው፤ በር በሩን የሚያየው ስፍራ የክብር ስፍራ ነው። ጠሪው ዐሥራ ሁለት ሳሕን ደርድሮ «ዛሬ ምንም ምግብ የለም፤ ይቅርታ አድርጉልኝ» ይላል። ዓሣ ሲቀርብ ራሱን ወደ ከበረው እንግዳ ያዞሩታል። ሰው ሁሉ ከመካከሉ ያነሣል እንጂ ለየብቻ አይታደልም፤ በዚህ ከገበታችን ጋራ ይመሳሰላል። ጕርሻ የላቸውም፤ ነገር ግን ባለቤቲቱ በቀጫጭኖቹ የመብያ እንጨቶች ጥሩ ጥሩውን እየመረጠች በእንግዳው ሳሕን ላይ ትከምራለች፤ እንግዳው አሟጦ ከበላ «አልጠገበም» ብላ ትጨምርበታለች፤ ጥቂት ማስቀረት ነው መላው። የመብያውን እንጨት በሩዙ ላይ ቀጥ አድርጎ መሰካት ግን ለሙታን ከሚጤሰው ዕጣን ጋራ ስለሚመሳሰል እጅግ ይነወራል። ከማሽላ የሚወጣው «ባይጅው» የሚባለው መጠጥ እንደ አረቄያችን ነጭና ብርቱ ነው፤ «ጋንበይ» ሲባል ጽዋውን ማድረቅ ይገባል፤ ጽዋ ሲጋጭ ታናሹ የራሱን ከታላቁ ዝቅ ያደርጋል፤ ሁለት ትሑታን ከተገናኙ ጽዋዎቹ እየወረዱ እየወረዱ ጠረጴዛውን ይነካሉ። በምግብ ቤት ሒሳብ ሲከፈል የሚደረገውን ግብግብ ለኢትዮጵያዊ መግለጽ አያስፈልግም።

የእኛ ሰው ግን በማዕድ ላይ የሚቸገርበት ነገር አለው። በቻይንኛ «ሥጋ» ብቻ ከተባለ የዐሣማ ሥጋ ማለት ነው፤ ሌላው ሥጋ የበሬ፣ የበግ ተብሎ ይለያል። ዐሣማ ለክርስቲያናችንም ለእስላማችንም የማይሆን ነው። በጾም ቀን «ሱ» እበላለሁ ማለት ይቻላል፤ የቡድሃ መነኮሳት ሥጋ የሌለበትን ምግብ «ሱ» ስለሚሉት ሐሳቡን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ቢሆንም በአትክልቱ ላይ የተነሰነሰው ደቃቅ ሥጋ እንደ ቅመም እንጂ እንደ ሥጋ ስለማይቈጠር «ሱ ነው» ተብሎ ይቀርባል። ከዚህ የተነሣ የኢትዮጵያ ተማሪዎች፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ የሚመላለሱት «ቺንግጀን» የሚል ጽሕፈት ወዳለባቸው የእስላም ምግብ ቤቶች ነው። እነዚህንም የሚይዟቸው ሁይ የተባሉት እስላሞችና ሌሎች ከሰሜን ምዕራብ የመጡ ሰዎች ናቸው፤ በእጅ የሚጐተተው የላንጆው ፓስታቸው ርካሽና ጣፋጭ ነው። በአገሩ እስላም ያረደውን የማይበላ የክርስቲያን ልጅ ቻይና ደርሶ የሚበላውን ሥጋ የሚያገኘው ከእስላም እጅ መሆኑ ሳያስገርመው አይቀርም፤ እኛ ራሳችን ስለዚህ ነገር ለእናታችን በደብዳቤ አልጻፍንም።

ስለ ፊት

ቻይናዎች «ሚየንዝ» የሚሉትን እኛም «ፊት» እንለዋለን። ሁ ሽየንቺን የተባለች የቻይና ተወላጅ በ1944 ባሳተመችው ጽሑፍ ሁለት ዐይነት ፊት እንዳለ ለይታ አሳይታለች፤ «ሚየንዝ» ሰው በሹመቱ፣ በሀብቱና በዕውቀቱ የሚያገኘው ክብር ሲሆን፣ «ሊየን» ግን በምግባሩ ምክንያት ሰው የሚያምነው እምነት ነው። ሚየንዝ የሌለው ድሀ ሊየን ሊኖረው ይችላል። በእኛ ቋንቋ «ፊት መስጠት» ልጅን ማቅበጥ ነው፤ በቻይንኛ «ፊት መስጠት» ሰውን በሌሎች ፊት ማክበር ነው። «ፊት መንሳት» ግን በሁለቱም ያማል። ይሉኝታ የሚለውን ቃላችንን የሚያውቅ ሰው ይህን ነገር በግማሽ ያውቀዋል።

ከዚህ የተነሣ «አይሆንም» የሚለው ቃል በግልጥ አይነገርም። በአንድ ወቅት መኝታ ክፍላችን ውሃ ስለሚያፈስስ እንዲለወጥልን ለኀላፊው አመለከትን። እርሱም ፈገግ ብሎ «እናጠናዋለን» አለን። እኛም ጥናቱን ሦስት ሳምንት ጠበቅን። በመጨረሻ ለአንድ ቻይናዊ ጓደኛችን ብንነግረው ሣቀና «እርሱ እኮ የመለሰላችሁ በዚያኑ ቀን ነው» አለን። «እሺ ነገ» በሚባልበት አገር ተወልደን ይህን ሳናውቅ መቅረታችን አሳፈረን። «አይመችም» የሚለውም ቃል እንዲሁ ነው፤ ምቾትን አያመለክትም፤ በሩ ተዘግቷል ማለት ነው።

እንግዳው ሲወጣ

እስካሁን ያልነው ሁሉ እንግድነት ሲመች ነው። እንግዳ ግን ክብር እንጂ መብት የለውም፤ ይህም የሚታወቀው በክፉ ቀን ነው።

ከ1960 ጀምሮ ወደ ቤጂንግ የሄዱት አፍሪካውያን ተማሪዎች ከቻይናውያኑ የበለጠ የወር ገንዘብ ይሰጣቸው ነበር፤ ዘመኑም የረኃብ ዘመን ነበር። ሆኖም ብዙዎቹ በ1962 ትምህርታቸውን ጥለው ወጡ። ከእነርሱ አንዱ የነበረው የጋና ተወላጅ ኢማኑኤል ሄቪ በ1963 ባሳተመው መጽሐፍ ካማረረባቸው ነገሮች ዋነኛው ብቸኝነት ነው፤ ከቻይናውያን ጋራ ወዳጅ መሆን፣ ይልቁንም ከሴቶች ጋራ መታየት፣ በክፉ ዐይን ይታይ ነበር። በታኅሣሥ 24 ቀን 1988 በናንጂንግ ከተማ በአንድ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ፣ አፍሪካውያን ተማሪዎች ለገና ዋዜማ ጭፈራ ቻይናውያት ሴቶችን ይዘው ሲገቡ ስለ ምዝገባ በተነሣ ክርክር ጠብ ሆነ፤ በተከታዮቹ ቀናት ብዙ ሕዝብ አፍሪካውያንን እየሰደበ በየመንገዱ ወጣ፤ ተማሪዎቹም ወደ ባቡር ጣቢያ ሸሹ፤ ፖሊስም ከከተማው ውጭ ወዳለ ማረፊያ ወሰዳቸው። በሚያዝያ 2020 ደግሞ የኮሮና በሽታ በተነሣ ጊዜ በጓንግዡ የሚኖሩ አፍሪካውያን፣ ብዙዎቹ ኪራያቸውን የከፈሉና ከቻይና ያልወጡ ሲሆኑ፣ ከቤታቸው እንዲወጡ ተደርጎ በመንገድ ላይ አደሩ። በቤጂንግ ያሉ የአፍሪካ አምባሳደሮች ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፉ፤ የክፍለ ሀገሩም መስተዳድር በግንቦት መጀመሪያ አድልዎን የሚከለክል ትእዛዝ አወጣ።

እነዚህን ነገሮች በዘር ጥላቻ ብቻ ወይም በእንግዳ ሥርዓት ብቻ መተርጐም ሁለቱም ስሕተት ይመስለናል። የቈዳ ነገር መኖሩን መካድ አይቻልም፤ ነጣ ማለት ውበት፣ በፀሐይ መጥቈር የገበሬ ምልክት ሆኖ ከጥንት ሲታይ ኖሯል፤ ዛሬም የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሲፈለግ ጥሩ እንግሊዝኛ ከሚናገር አፍሪካዊ ይልቅ አነጋገሩ የተበላሸ ነጭ የሚመረጥበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ያው የጓንግዡ አከራይ በጥሩ ቀን ተከራዩን ለሻይ የሚጠራ ሰው ነበር። ፖሊስ ሲያዝዘው በሩን የዘጋው ተከራዩ በመጨረሻው የውሃ ክበብ ላይ ስለ ነበረ፣ ስለ እርሱም ብሎ ፊቱን የሚያስነሳ ሰው ስላልነበረ ነው። በዚያው ሰሞን ግን ቻይናውያን ሚስቶች፣ አማቶችና የሥራ ባልንጀሮች ያሏቸው አፍሪካውያን የሚከራከርላቸው ሰው ማግኘት ይችሉ ነበር። ልዩነቱ ከዚህ ላይ ነው።

ታዲያ ወደ ውስጥ የሚገባው እንዴት ነው? በሕግ በኩል መንገዱ ጠባብ ነው። በ2010 ቈጠራ የቻይናን ዜግነት በመቀበል የገቡ ተብለው የተቈጠሩት 1,448 ብቻ ነበሩ። በኑሮ በኩል ግን በር አለ፤ በሩም የሚታወቀው ክብሩ ሲቀንስ ነው። ፍራፍሬ የምትሸጥልን ሴት በመጀመሪያው ዓመት «ላውዋይ» እያለች አንድ ብርቱካን ትመርቅልን ነበር፤ በሦስተኛው ዓመት ምርቃቱን ትታ «ጠጕርህን ተቈረጥ፤ አስቀያሚ ሆነሃል» ማለት ጀመረች።

በአዲስ ዓመት፣ በጨረቃ አቈጣጠር በሚከበረው በዓል፣ ከተሞቹ ባዶ ይሆናሉ፤ ሁሉ ወደ ትውልድ ስፍራው ይሄዳል፤ ሱቅ ይዘጋል፤ የውጭ ተማሪው በመኝታ ቤቱ ሆኖ የርችት ድምፅ ይሰማል። በመጀመሪያው ዓመት አንድ የክፍል ጓደኛችን በሰሜን ወዳለው የወላጆቹ ቤት ወሰደን። በር በሩን በሚያየው ወንበር አስቀመጡን፤ ከውሃ ጭልፋ ጀምሮ ምንም እንዳንነካ ከለከሉን፤ አጎቶቹ ሁሉ በተራ ጽዋ አነሡልን፤ ቻይንኛችንንም አመሰገኑ። በሁለተኛው ዓመት ደግመን ስንሄድ አያቲቱ ጭልፋ ሳይሆን ዱቄት የነካካ ሰሌዳ ወደ እኛ ገፋችና ጂያውዝ የሚባለውን የተሞላ ሊጥ ከሴቶቹ ጋራ እንድንጠቀልል አዘዘችን። የጠቀለልነውን አንሥታ ለሁሉ እያሳየች «ይህ የሚፈርስ ነው፤ እጁ የማን እጅ ነው?» ብላ ተቈጣች። አክስቶቹም አነጋገራችንን ማመስገን ትተው ድምፃችንን ያርሙ ጀመር። «ናይናይ በለኝ» አለችን አያቲቱ፤ ይህን ለልጅ ልጇ ጓደኛ ሁሉ ስለምትለው አብዝተን አንተረጕመውም። ከበላን በኋላ ሳሕን እንድናጥብ ተሰጠን።

በማግሥቱ ጧት በበረዶው ላይ ከጓደኛችን አባት ጋራ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄድን፤ 24 ሰዓቱ ሊሞላ ነበር። ተረኛው ፖሊስ በበዓል ቀን ስለ ቀሰቀስነው እያዛጋ ቅጹን ሰጠን። አባትዮው ቆሞ በብዕር ሞላው፤ ስማችንንም እንደ ተለመደው ከአያታችን ጀመረው። እንግዳው ከቤቱ ጌታ ጋራ ያለው ዝምድና በሚለው መስመር ላይ ሲደርስ ጥቂት አሰበና «ወዳጅ» ብሎ ጻፈ።